ቤተ ሰብን ይዞ ሜዳ ስለ ማደር

(በተማሪዎች ማኅበር ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእኔ በፊት የተናገሩት ጓደኞቼ ስለ ትምህርት፣ ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ሀገር ዕድገት ብዙ ነገር አሰምተውናል። እኔ ይዤው የቀረብኩት ጉዳይ ከዚያ ዝቅ ያለ ይመስል ይሆናል። ይኸውም፤ አንድ ቤተ ሰብ፣ አባትና እናት፣ ልጆች፣ አያትም ሳይቀሩ፣ ከከተማ ወጥተው አንድ ሁለት ሌሊት በድንኳን አድረው፣ ተደስተውና ደኅና ሆነው የሚመለሱበት መንገድ ምንድን ነው የሚል ነው።

አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ «ቤት ያለው ሰው ምን ቆርጦት ሜዳ ያድራል? ይህስ የፈረንጅ ጨዋታ ነው» ሳትሉ አትቀሩም። ለመዝናናት ሲባል ሜዳ ማደርን በመጽሐፍና በማኅበር ያስፋፉት አውሮፓውያን መሆናቸው እውነት ነው። እንግሊዛዊው ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 ሃያ ያህል ልጆች ሰብስቦ ብራውንሲ በምትባል ደሴት በድንኳን በማሳደር የስካውትን ሥራ እንደ ጀመረ ይታወቃል። ነገር ግን ድንኳን ለእኛ እንግዳ ነውን? ከቶ አይደለም። ከነገሥታቶቻችን ብዙዎቹ ዘመናቸውን ያሳለፉት ከሰፈር ሰፈር ሲዘዋወሩ ነው። ደጃዝማች፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ ፊታውራሪ የምንላቸው ማዕረጎች ሁሉ የወጡት ከዘመቻና ከሰፈር ሥርዓት ነው። አንዱ በፊት፣ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ ደግሞ በጌታው ድንኳን ደጃፍ ነበር። በዚያ ሰፈር ማንም ሰው ስፍራውንና ሥራውን ያውቅ ነበር። ይህን ነገር ወደ ኋላ እመለስበታለሁና ያዙልኝ።

ዛሬም ቢሆን ድንኳን ገብቶ የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ለሠርግ እንተክላለን፤ ለለቅሶ እንተክላለን። ለዕረፍት ግን አንተክልም።

እኛ በወልቂጤ የምንማር ሰዎች ይህን ጉዳይ ልናስብበት የሚገባን ልዩ ምክንያት አለን። የምንኖርበት አገር ቤተ ሰብ ወደ ትውልድ መንደሩ የሚጓዝበት አገር ነው። የመስቀል በዓል ሲቃረብ በአዲስ አበባ የሚኖረው ጉራጌ ሱቁን ዘግቶ፣ ልጆቹን አሳፍሮ ወደ አባቱ ቤት ይመጣል። ሙስሊም ወንድሞቻችንም ለዓረፋ እንዲሁ ያደርጋሉ። ለዚህ ጉዞ ሲሉ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በአዲስ አበባ ይሠሩ የነበሩት የጉራጌ ተወላጆች ከኪሳቸው እያዋጡ፣ ማኅበር አቋቁመው መንገድ እስከ ማሠራት ደርሰዋል። እንግዲህ ጉዞውስ አለ። ነገር ግን አዲስ አበባ የተወለደው ልጅ መንደሩ ከርሞ የሚመለሰው ምን አይቶ ነው? ሦስት ቀን ክትፎ በልቶ፣ ስልኩን ሲነካካ ሰንብቶ፣ የአያቱን ወንዝና ተራራ ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ ይመለሳል። አያቱም የሚነግሩት ሞልቷቸው ሳለ ቤቱ በእንግዳ ስለሚጨናነቅ ጊዜ አያገኙም። ከዚያ ዕረፍት አንዷን ሌሊት ብቻ ለሜዳ ብንሰጣት፣ አያትና የልጅ ልጅ በአንድ እሳት ዙሪያ ቢቀመጡ፣ በዓመት ያልተነገረው በአንድ ማታ ይነገራል። እኔ የድንኳንን ነገር የማነሣው ስለዚህ ነው።

ይህንን አሳብ ለወላጆች ብታቀርቡ የመጀመሪያው መልስ «ጅብስ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም መልስ እሰጥበታለሁ። ዳሩ ግን የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ እኛ የምንፈራው ከውጭ የሚመጣውን ነው፤ ቤተ ሰብን የሚጎዳው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛው ጭነን የምናመጣው ወይም ሳናስብ የምንቀርበው ነገር ነው። ከሰሉ፣ ወንዙ፣ ትንኙ፣ የዋለ ሥጋ፣ የሌሊት መንገድ። ጅብን ፈርተን ድንኳኑን ግጥም አድርገን ብንዘጋና የከሰሉን ምድጃ ከእኛ ጋራ ብንዘጋው፣ ማን ገደላቸው ሊባል ነው? ፍርሃታችንን በትክክለኛው ስፍራ ካስቀመጥነው፣ ሜዳ ማደር ከከተማ ኑሮ የሚከብድ አይደለም።

ስለ ስፍራና ስለ ባለቤቶቹ

በመጀመሪያ ስፍራ መምረጥ ነው። ወደ ጉራጌ መንደር የገባ ሰው ሁሉ ጀፎረን ያውቃል፤ በግራና በቀኝ ቤቶች የተሰለፉበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ ጎዳና ነው። ሠርጉም ለቅሶውም፣ ሸንጎውም የልጆች ጨዋታውም በእርሱ ላይ ነው። እንግዳ ሰው ሲያየው «ድንኳን ለመትከል ከዚህ የተሻለ ሜዳ የት ይገኛል?» ይላል። ነገር ግን ጀፎረ ባለቤት የሌለው መሬት አይደለም። ማንም ድንበሩን እንዳይገፋ፣ እንዳያርሰውም፣ በአገሩ ባህላዊ ሕግ ተጠብቆ የኖረ የሕዝብ ሀብት ነው። መኪና ይዞ ገብቶ ሣሩን ማረስ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ እሳት ማንደድ ነውር ነው።

ስለዚህ ከመስፈር በፊት የመንደሩን ሽማግሌዎችና የቀበሌውን ሹም ማነጋገር ያስፈልጋል። አጠያየቁም ዘዴ አለው። «እዚህ ማደር ይፈቀድልናል?» ብሎ የጠየቀ ሰው «አዎን» ወይም «አይሆንም» የሚል መልስ አግኝቶ ይሄዳል። «አባቶቼ፣ ከልጆቼ ጋራ አንድ ሌሊት ልናድር አስበናል፤ የት ብንሰፍር ይሻላል?» ብሎ የጠየቀ ግን ትምህርት ያገኛል። ጎርፉ የሚወርደው በየት እንደ ሆነ፣ የማን ውሻ ተናካሽ እንደ ሆነ፣ ውሃው ከየት እንደሚቀዳ ይነግሩታል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፍራውን የመረጡለት እነርሱ ስለ ሆኑ፣ ሌሊቱን ሙሉ ዓይናቸው ከእርሱ ላይ ነው። ከዚህ የበለጠ ዘበኛ በገንዘብ አይገኝም። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ ስፍራ የጸጥታ ችግር ደርሶ እንደ ነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከመነሣት በፊት ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሰላም በዚያው ለሚኖር ሰው ስልክ ደውሎ መጠየቅ የፈሪነት ምልክት ሳይሆን የአባትነት ግዴታ ነው።

ታሪክ ያለበት ስፍራ ሲሆን ደግሞ ማየትና ማደር የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የጢያ ትክል ድንጋዮች ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ካሉት 36 ድንጋዮች 32ቱ የጎራዴና የሌላም ምልክት የተቀረጸባቸው ናቸው። ስፍራው የጥንት ሰዎች መቃብር ነው። በዚያው መንገድ ቀደም ብሎ በአዋሽ ዳር ያለው መልካ ቁንጡሬም እ.ኤ.አ. በ2024 ከዚሁ መዝገብ ገብቷል። ልጆቻችሁን አስቁማችሁ አሳዩአቸው፤ አስረዱአቸው። በድንጋዮቹ ላይ ግን አይውጡ፤ በመካከላቸውም ድንኳን አይተከል። በሰው መቃብር ላይ የሚሰፍር ጨዋ የለም።

ስለ ወቅትና ስለ መሬቱ

ለሜዳ አዳር የሚስማማው ወቅት ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። በመስቀል ሰሞን መሬቱ ገና ውሃ እንደ ያዘ ነውና፣ በዚያ ጊዜ የሚያድር ሰው ከድንኳኑ ሥር ወፍራም ሸራ ማንጠፍ አለበት። ድንኳን የሚተከለው ውሃ በማይተኛበት፣ ጥቂት ተዳፋት ባለው ስፍራ ነው። ለስላሳ አሸዋ አለው ብሎ በደረቀ ወንዝ ውስጥ መስፈር ትልቅ ስሕተት ነው። እኛ ያለንበት ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ በላይ በተራራው የዘነበው ዝናብ በሌሊት ደራሽ ሆኖ ይመጣል። ብቻውን ከቆመ ትልቅ ዛፍ ሥርም አይሰፈርም፤ ቅርንጫፉ ይሰበራል፤ መብረቅም ይስበዋል። ነጎድጓድ ሲጀምር ሁሉም ከድንኳን ወጥቶ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ይግባ።

ብርዱን በሚመለከት ሒሳቡን ማወቅ ይጠቅማል። ወልቂጤ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር፣ ቡታጅራ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ አላቸው። ከፍታው በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ ከቡታጅራ በላይ ወዳለው ወደ ዘቢዳር ተራራ የሚወጣ ሰው፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ሲደርስ የሚያገኘው ሌሊት ከከተማው ጋራ አይመሳሰልም፤ በኅዳርና በታኅሣሥም ውርጭ አለ። ሰውን የሚያበርደው ከላይ ያለው አየር ብቻ ሳይሆን ከሥር ያለው መሬት ነው። ስለዚህ ሁለት ብርድ ልብስ ያለው ሰው አንዱን ከሥሩ ያንጥፍ። የአገራችን ጅባ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል። ጅባ ከሥር፣ ብርድ ልብስ በላዩ፣ ቡልኮ ወይም ጋቢ ከላይ፣ ደረቅ ካልሲና ቆብ ከተጨመረ ልጅ አይበርደውም።

ስለ ከሰልና ስለ እሳት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስኩ። ብርድ ሲበረታ ሰው የሚያደርገው ምንድን ነው? ምግብ የተሠራበትን የከሰል ምድጃ «ጢሱ አልቋል፤ ፍሙ ብቻ ነው» ብሎ ወደ ድንኳኑ ያስገባዋል። ሞት የሚገባው በዚህ በር ነው። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ይህ አየር አይታይም፤ አይሸትም፤ ዓይንም አያቃጥልም። ወደ ሳንባ ሲገባ በደም ውስጥ የኦክሲጅንን ስፍራ ይይዛል። ሰውየው ራሱን ያመዋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። ተኝቶ ከሆነ ግን ይህንንም ሳያውቅ አይነሣም። ፍሙ አመድ ቢለብስም አየሩን ማውጣቱን አያቆምም። የድንኳኑን በር ጥቂት ገርበብ ማድረግም አያድንም።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ብቻ ነው፤ ማንኛውም የሚነድ ነገር፣ ከሰልም ሆነ ቡታጋዝ፣ ኩራዝም ሆነ ሻማ፣ ወደ ድንኳን አይገባም። ለብርሃን የባትሪ መብራት ይበቃል። ብዙ ሰው በአንድነት ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው «ምግቡ ነው» ብሎ ከመከራከር በፊት ሁሉንም ወደ ነፋስ ማውጣት፣ ቀጥሎም ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

የውጭው እሳት ከድንኳኑም ከሣር ጎጆዎችም ርቆ፣ ነፋሱ ፍንጣሪውን በማይወስድበት በኩል ይነድዳል። ማገዶው ይገዛል እንጂ ከሰው አጥር አይነቀልም፤ ከሰው ባሕር ዛፍም አይቆረጥም። ከመተኛት በፊት ውሃ አፍስሶ፣ አማስሎ፣ በእጅ ቢዳብሱት የማይፋጅ እስኪሆን ድረስ ማጥፋት ነው። ልጅ ቢቃጠል ቅቤ፣ ቡና ወይም የጥርስ ሳሙና አይቀባም፤ ቃጠሎውን 20 ደቂቃ ያህል በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ማቀዝቀዝ፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ስለ ትንኝ

ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወስደው መንገድ ወደ ጊቤ ሸለቆ ይወርዳል። ሙቀቱ፣ ዱሩና ወንዙ ቤተ ሰብን ይስባሉ። ነገር ግን ይህ የወባ አገር ነው። ወባ አብዛኛውን ጊዜ ከ2,000 ሜትር በታች ይገኛል ይባላል፤ ዳሩ ግን በቡታጅራ ዙሪያ የተደረጉ ጥናቶች ከዚያ ከፍታ በላይ በሚኖሩ ሰዎችም ደም ውስጥ አግኝተውታል። የሚበረታውም የክረምቱ ዝናብ ካበቃ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ባሉት ወራት ነው። ልብ አድርጉ፤ ይህ ጊዜ እኛ ለጉዞ የምንመርጠው ጊዜ ነው።

የወባ ትንኝ የምትነድፈው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። ስለዚህ ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆች ረጅም እጅጌና ሱሪ ይልበሱ፤ ሌሊቱን ሁሉም በአጎበር ውስጥ ይደር። ነፍሰ ጡር ሴትና ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ወደ ቆላው ባይወርዱ ይመረጣል፤ ለእነርሱ ደጋው ይበቃቸዋል። አንድ ነገር ደግሞ አይረሳ። ወባ የሚታየው በነደፈችበት ሌሊት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ከሳምንት ወይም ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ አንዳንዴም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በዚያን ጊዜ ቤተ ሰቡ አዲስ አበባ ተመልሷል፤ ትኩሳቱንም «ጉንፋን ነው» ይሉታል። ልጁ ካተኮሰው ለሐኪሙ «ቆላ አድረን ነበር» ብሎ መንገር ነፍስ ያድናል።

ስለ ወንዝና ስለ ሐይቅ

ከቡታጅራ በስተ ደቡብ በስልጤ ምድር ሐረ ሸይጣን የሚባለው ሐይቅ አለ። በእሳተ ገሞራ ፍንዳታ የተፈጠረ፣ እንደ ጉድጓድ ክብ የሆነ፣ ዙሪያው ገደል ነው። ከላይ ሆኖ ለሚያየው ውበቱ ያስደንቃል። ነገር ግን ልጅ እንደ ልቡ የሚሮጥበት ስፍራ አይደለም። ከአፋፉ ላይ ትንንሾች ልጆች እጃቸውን ተይዘው ይቁሙ፤ ድንኳኑም ከአፋፉ እጅግ ርቆ ይተከል።

በዋቤም በጊቤም ወንዝ ዳር አንድ ሕግ ይኑረን። ልጆች ውሃ ዳር በሆኑ ጊዜ ሁሉ አንድ በስም የታወቀ ትልቅ ሰው ይጠብቃቸው። «ሁላችንም እናያቸዋለን» ማለት ማንም አያያቸውም ማለት ነው። ጠባቂው ስልክ አይነካም፤ መጠጥም አይቀምስም፤ ሲደክመው በስም ለሌላ ያስረክባል። ውሃ የሚወስደው ልጅ እንደምናስበው አይጮኽም፤ ድምፅ ሳያሰማ ይሰጥማል። ዋና የሚችል ትልቅ ሰውም ቢሆን በማያውቀው ወንዝ ዘሎ አይግባ። ከቡታጅራ በስተ ምሥራቅ ወዳለው ወደ ዝዋይ ሐይቅ የሚሻገሩ ደግሞ ውሃው ብልሃርዝያ ያለበት መሆኑን ይወቁ፤ ለማየትና ዓሣ ለመብላት እንጂ ልጆችን ለማጠብ አይሁን።

ስለ ምግብና ስለ መጠጥ ውሃ

በምግብ በኩል የአገራችን እናቶች ከማንም በላይ የሜዳ ስንቅ አዋቂዎች ናቸው። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጭኮ፣ ቋንጣ፣ እነዚህ ሁሉ ማቀዝቀዣ ሳይፈልጉ የሚቆዩ ናቸው። ቆጮም እንዲሁ በኮባ ተጠቅልሎ መንገድ ይችላል። አደጋው ከክትፎውና ከአይቡ ላይ ነው። መስቀል ነው ብለን የተከተፈ ጥሬ ሥጋ በመኪና ጭነን፣ በፀሐይ አውለን፣ ማታ ብንበላው ሌሊቱ የደስታ አይሆንም። ክትፎ የሚበላው በታረደበት ስፍራ፣ በዚያው ሰዓት ነው። ለሜዳ የሚሆነው የበሰለ ነው፤ ለልጆችማ ሁልጊዜም የበሰለ ይሁንላቸው።

ውሃ ከምንጭ ተቀድቶ ጥርት ያለ ቢመስልም ይፈላል። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው ከ100 ዲግሪ በታች፣ በቡታጅራ በ93 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፣ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ማገዶ ላጠረው ውሃ አጋርን የመሰለ የውሃ ማከሚያ በመመሪያው መሠረት ይጠቀም። ልጅ ቢያስቀምጠው ከመድኀኒት ቤት የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. ይሰጠው። እርሱ ከሌለ በአንድ ሊትር የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ጥቂት በጥቂት ማጠጣት ነው።

መጸዳጃውም ይታሰብበት። ከውሃው 60 ሜትር ያህል ርቆ ጉድጓድ ይቆፈር፤ በሸራ ይጋረድ፤ ሲጨርሱም ይደፈን። መጋረጃው ትንሽ ነገር አይምሰላችሁ። መጋረጃ ባለ መኖሩ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳይጠጡ የሚውሉት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው። ላስቲኩ ሁሉ ደግሞ ተሰብስቦ ወደ ከተማ ይመለስ፤ የዋጠችው ላም የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት ናትና።

አሁን ስለ ጅብ

ቃሌን ልፈጽም። ጅብ የሚመጣው በሽታ ተጠርቶ ነው። አጥንቱንና ትርፍራፊውን ከድንኳኑ ርቆ በጥልቅ መቅበር ወይም በእሳት መጨረስ፣ ስንቁን መኪና ውስጥ ወይም በሰው ቤት ማሳደር ነው። ሥጋ ወደ ድንኳን አይግባ። ማንም ሰው፣ ይልቁንም ልጅ፣ ያለ ድንኳን ደጅ አይተኛ። ሌሊት ለመጸዳጃ የሚወጣ ልጅ ከትልቅ ሰው ጋራ፣ መብራት ይዞ ይውጣ። ይህን ያደረገ ቤተ ሰብ የጅቡን ድምፅ ከሩቅ ሰምቶ ተረት እያወራ ያድራል።

ይልቁንስ ከጅብ ይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ውሻ ነው። ውሻ ልጅን ቢነክስ ወይም ቢቧጭር ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ በዚያው ቀንም ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። «ውሻው የታወቀ ነው» በማለት መዘግየት አይገባም፤ የእብድ ውሻ በሽታ አንዴ ከተገለጠ መድኀኒት የለውም። እባብ የነደፈውም ሰው አይቆረጥ፣ አይመጠጥ፣ በገመድም አይታሰር፤ የተነደፈውን እግር ሳያንቀሳቅሱ ተሸክሞ ማድረስ ነው። ቤተ ሰቡም ከመስፈሩ በፊት በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የትኛው እንደ ሆነ ይወቅ፤ በቡታጅራና በወልቂጤ ከተሞች፣ ከወልቂጤም ወጣ ብሎ በአጣጥ ሆስፒታል አለ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው፤ ነገር ግን በገጠር መኪና ያለው ሰው አምቡላንስ እየጠበቀ ጊዜ አያጥፋ።

መንገዱንም አደራ። በጨለማ አትጓዙ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሁለት ሰዓት ሲቀር ሰፈር ድረሱ። በብርሃን የተተከለ ድንኳን ሌሊት አይወድቅም፤ በብርሃን የሄደ መኪናም በጎዳናው ላይ ያለውን ከብትና ሰው ያያል። ልጅ በፊት ወንበር በሰው ጭን ላይ አይቀመጥ።

ሥራውን ስለ መካፈል

ክቡራን ሆይ፤ እስካሁን የተናገርኩት ስለ ደኅንነት ነበር። ስለ ደስታው ደግሞ አንድ ጥያቄ ላንሣ። ቤተ ሰቡ ሜዳ ወጥቶ፣ አባት በጥላ ሥር ተጋድሞ፣ ልጆች ኳስ ሲጫወቱ፣ እናት ግን በነፋስ እሳት እያቀጣጠለች፣ ዕቃ እያጠበች፣ ሕፃን እያዘለች ከዋለች፣ ይህ ለማን ዕረፍት ነው? ለእርሷ ወጥ ቤቱ ግድግዳ አጣ እንጂ ምን ተለወጠላት? የጉራጌ ሴቶች ይህን ጥያቄ ሲያነሡ የመጀመሪያቸው አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት የቃቄ ወርድወት የሴቶችን በደል ይዛ በየጆካ ሸንጎ ፊት እንደ ተሟገተች አገሩ ሁሉ ያውቃል። እኛ የተማርን ነን የምንል ሰዎች የአንድ ሌሊት ሳህን ማጠብ ሊያቅተን አይገባም።

መፍትሔው ቀደም ሲል ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ነው። የጥንቱን የሰፈር ሥርዓት እንመልሰው። ከመነሣት በፊት ማዕረግ ይታደል። ፊታውራሪው ቀድሞ ሄዶ ሽማግሌዎችን አነጋግሮ ስፍራ የሚያይ ነው፤ ይህ ለአባት ወይም ለአያት ይገባል። ቀኛዝማቹ የውሃና የምግብ ኀላፊ ነው፤ የሚቀዳውም፣ የሚያፈላውም፣ ሳህን የሚያጥበውም እርሱ ነው፤ ይህ ለጎረምሳው ልጅ ይሁን። ግራዝማቹ ትንንሾቹን ልጆች በወንዝ ዳር በስም የሚጠብቅ ነው። ደጃዝማቹ እንደ ስሙ የደጃፍ ሹም ነው። ማታ ማታ በድንኳኑ በር ቆሞ እሳቱ መጥፋቱን፣ ከሰል አለመግባቱን፣ አጎበሩ መዘርጋቱን፣ ሰው ሁሉ መሙላቱን አይቶ «ደኅና እደሩ» ይላል። ይህን ማዕረግ ለአሥር ዓመት ልጅ ስጡት፤ ከአባቱ ይልቅ ይጠነቀቃል፤ ዕድሜውን ሙሉም አይረሳውም። እናትስ? እናት በዚያች ሌሊት ንግሥት ናት፤ ንግሥት ደግሞ ውሃ አትቀዳም።

እንግዲህ እሳቱ ሲቀዘቅዝ፣ ስልኩ ሁሉ ተሰብስቦ በአንድ ቦርሳ ሲቀመጥ፣ አያት ይናገሩ። የዚህ ወንዝ ስም ማን ይባላል? ይህን ጀፎረ ማን ለካው? መንገዱ ሳይሠራ አዲስ አበባ በእግር ስንት ቀን ያስኬድ ነበር? ይህን ሁሉ የሚያውቁ ሰዎች ቁጥራቸው በየዓመቱ እየቀነሰ ነው። እኛ በዩኒቨርሲቲ ሆነን የቃል ታሪክ መሰብሰብ እንደሚገባ እንማራለን፤ ነገር ግን ከገዛ አያታችን ጋራ አንድ ሙሉ ማታ የተቀመጥን ስንቶቻችን ነን?

ስለዚህ አሳቤን በአጭሩ ልደምድም። በሚቀጥለው ዕረፍታችሁ ወደ ቤት ስትሄዱ ይህንን ነገር ለወላጆቻችሁ ንገሩ። ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ድንኳን ከጎረቤት ይለመናል፤ ጅባውና ጋቢው ከቤት ይገኛል። «ጅብስ?» ሲሉአችሁ አትሳቁባቸው፤ የሚገባውን መልስ ስጧቸው። ቀጥላችሁም «የከሰሉ ምድጃ የት ያድራል? ውሃ ዳር ልጆቹን የሚጠብቀው ማን ነው? አጎበሩስ ተይዟል?» ብላችሁ እናንተ ጠይቋቸው።